እውነት ወይስ ተረት? ከጌጫ ደን ተነሥቶ ጆርናል ላይ ስለሚያርፈው ጥናት

ጌጫ ላይ ጥናት በመኪና ይመጣል። ከማሻ ወይም ከቴፒ በኩል የደረሰው ፒካፕ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይቆማል፤ የትብብር ደብዳቤ ይጻፋል፤ የቀበሌ ሊቀ መንበሩ ይፈለጋል፤ ከዚያ መረጃ ሰብሳቢዎቹ መጠይቃቸውን ታቅፈው በየመንደሩ ይበተናሉ። የቤቱ አባወራ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ጥያቄው ይጀመራል። ስንት ቀፎ አለዎት? ከደኑ ምን ምን ያወጣሉ? ልጅ ሲታመም የትኛውን ቅጠል ነው የሚሰጡት? ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ሁሉ መልስ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ሠንጠረዥና ካርታ ገብቶበት፣ አንድ ጆርናል ላይ ይወጣል።

አካባቢው ተመራማሪ የሚበዛበት ነው፤ መብዛቱም አያስገርምም። ዩኔስኮ የከፋንና የያዩን ደኖች በ2010፣ የሸካን ደን ደግሞ በ2012 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአረቢካ ቡና ዱር በቀል ሆኖ የሚገኘው እዚህ ነው። ሚዛን አማንና ቴፒ ላይ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጅማ መልኮ ላይ የቡና ምርምር ማዕከል አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ፣ የማዕረግ ዕድገት የሚጠብቅ መምህር፣ ከውጭ የመጣ የዕፅዋት ባለሙያ፣ ሁሉም እዚህ ደን ጫፍ ላይ ይገናኛሉ።

የምርምርና የኅትመት ሥነ ምግባር ሲነሣ ግን ነገሩ የኤዲተሮችና የፕሮፌሰሮች የቢሮ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። አንድ ጽሑፍ ሐቀኛ የሚሆነው ወይም የሚበላሸው ጆርናሉ ዘንድ ከመድረሱ በፊት፣ ቡናው በተፈላበት ቤት ውስጥ ነው። ከመምህራን ላውንጅ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚነገሩትን የተሳሳቱ አባባሎች የማነሣውም ከዚያ ቤት ሆኜ ነው።

ተረት፦ «ሥነ ምግባር ማለት የሰው ጽሑፍ አለመገልበጥ ነው።»

እውነቱ፦ መገልበጥ ከጥፋቶቹ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በቀላሉ የሚያዘው። ዓለም አቀፉ ልማድ ሦስት ከባድ ጥፋቶችን ይለያል። የሌለ መረጃ መፍጠር፣ ያለውን ማጣመም እና የሌላውን ሥራ የራስ ማስመሰል ናቸው። በእኛ ሁኔታ እጅግ አሳሳቢው የመጀመሪያው ይመስለኛል። መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ቤቱ ከኮረብታው ማዶ ሲሆን፣ አበሉ ሲያልቅ፣ መረጃ ሰብሳቢ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀሪዎቹን ቅጾች ራሱ ሊሞላ ይችላል። ይህን የሚይዝ ሶፍትዌር የለም። የሚይዘው ዋናው ተመራማሪ ከተሞሉት ቅጾች ጥቂቱን አንሥቶ ወደዚያው ቤት ተመልሶ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ ያን ለማድረግ ደግሞ ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል።

«ሶፍትዌሩ 15 በመቶ አለ፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው» የሚለውም የዚሁ ተረት ልጅ ነው። መቶኛው የሚናገረው ተመሳሳይ የቃላት ድርድር ምን ያህል እንደተገኘ ነው። በአማርኛ የተጻፈን የሌላ ሰው ቴሲስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በራሱ ስም ያወጣ ሰው ዜሮ በመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ሌባ ግን ነው። በአንጻሩ የዘዴ ክፍሉ በዘርፉ የተለመደ አገላለጽ የበዛበት ታታሪ ተማሪ 25 ሊያመጣ ይችላል። ቁጥሩን አይቶ መፍረድ የኮሚቴ ሥራን ለማሽን መተው ነው። አንዱን የመስክ መረጃ ሦስት ቦታ ቆራርሶ ማሳተም፣ ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክም «የራሴ ሥራ ነው» በሚል አይታለፍም፤ አንባቢው ሦስት ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋልና።

ተረት፦ «ወረዳው ፈቅዷል፤ ገበሬውም ፈርሟል። ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ አለ?»

እውነቱ፦ የወረዳው ደብዳቤ የወረዳው ነው። ተመራማሪው እንዳይከለከል ይረዳዋል እንጂ ስለ ግለሰቡ አይፈቅድም። የአገሪቱ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ (አምስተኛው እትም በ2014 ወጥቷል) ተሳታፊው ዓላማውን፣ ጉዳትና ጥቅሙን፣ በማንኛውም ሰዓት የመተው መብቱን በሚገባው ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቃል።

እስቲ ያን የስምምነት ቅጽ ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ገጽ ነው። «ይህ ጥናት ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ…» ብሎ ይጀምራል። ሸክኖኖ ብቻ ለሚናገሩ እናት መረጃ ሰብሳቢው በቆመበት፣ በራሱ ቃል፣ አሳጥሮ ይተረጉመዋል። ከታች የፊርማ መስመር አለ፤ ከጎኑ የቀለም ፓድ። አጠገባቸው ደግሞ የቀበሌው ሰው ቆሟል፤ ማዳበሪያ ሲከፋፈል፣ የመሬት ጉዳይ ሲነሣ የሚያዩት ያው ሰው። በዚህ ሁኔታ «አልፈልግም» ማለት የሚቻል ነው? ወረቀቱ ላይ አሻራ አርፏል፤ ፈቃድ መኖሩን ግን ወረቀቱ አያሳይም። የቀበሌው ሰው አድርሶ ቢመለስ፣ ቅጹ በሸክኖኖ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢነበብ፣ መጻፍ የማይችል ሰው ምስክር ባለበት በቃሉ ቢስማማ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ወጪውም ከአንድ ቀን አበል አይበልጥም።

የደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ለአሥርት ዓመታት በተመራማሪ ሲጎበኙ ኖረው፣ በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል። ወደ እነሱ የሚመጣ ተመራማሪ አክብሮትን፣ ሐቀኝነትን፣ ፍትሕንና ጥንቃቄን እንዲጠብቅ በጽሑፍ ይጠይቃሉ። ሸካቾም፣ ከፊቾም፣ ቤንቾም፣ ማጃንግም እንዲህ ያለ ደንብ የማውጣት ሙሉ ችሎታ አላቸው። የጎሳ መሪዎች ደኑን በሥርዓት ሲጠብቁ የኖሩበት አገር ነው፤ ተመራማሪ የሚገባበትን ሥርዓት ማበጀት አያቅተውም።

ተረት፦ «የደን ቡና የማንም አይደለም። ያገኘ ይወስዳል፤ የጻፈ ይታወቅበታል።»

እውነቱ፦ ይህ ተረት አገሪቱን እጅግ ያስከፈለ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልየው።

በመጀመሪያ፣ ደኑ ባለቤት አልባ ሆኖ አያውቅም። ሸካ ውስጥ ኮቦ በሚባለው ልማዳዊ ሥርዓት የትኛው ቤተሰብ የትኛው የደን ክፍል ውስጥ ቀፎ እንደሚሰቅል፣ ማን ከየት እንደሚለቅም ይታወቃል። ካርታ ላይ ስላልተሣለ የለም ማለት አይደለም። ሕጉም ግልጽ ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482 (በእኛ አቆጣጠር 1998 የወጣው) የጄኔቲክ ሀብቱ የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ዕውቀቱ ደግሞ የማኅበረሰቡ መሆኑን ይደነግጋል። ዘር፣ ቅጠል ወይም ቡቃያ ለምርምር ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰው ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ጎረቤት ለጎረቤት ዘር መስጠቱን፣ ማኅበረሰቡ እርስ በርሱ መለዋወጡን ግን አዋጁ አይነካም።

አሁን ወደ ጌሻ እንሂድ። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተወሰደ። ታንዛንያ ውስጥ ሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ ከዚያ በ1953 ኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ወዳለው የምርምር ማዕከል ተሻገረና ቲ 2722 የሚል የመዝገብ ቁጥር ተሰጠው። በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። በ2004 የፓናማው ላ ኤስሜራልዳ እርሻ በዚህ ቡና የአገሪቱን ውድድር አሸንፎ ፓውንዱን በ21 ዶላር ሸጠው፤ በ2019 በዚያው አገር ጨረታ የአንድ ሌላ እርሻ ጌሻ ፓውንዱ ከ1,000 ዶላር በላይ ወጣ። ዛሬ ጌሻ በዓለም እጅግ ከሚወደዱት ቡናዎች አንዱ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሣው ስለ ገንዘቡ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መለያ ወረቀቱ ነው። ከደን የሚወጣ እያንዳንዱ የዘር ከረጢት ላይ ወረቀት ይታሠራል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ የለቃሚው ስም ይጻፍበታል። ጌሻ የሚባል ቦታ በደቡብ ምዕራብ ከአንድ በላይ አለ፤ አንዱ ከፋ ውስጥ ነው፣ ሌላው ወደ ማጂ አቅጣጫ። ዘሩ የተነሣው ከየትኛው ጌሻ፣ ከየትኛው ጫካ፣ በማን መሪነት እንደሆነ በጥንቃቄ አልተመዘገበም። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ ዛፉን ያሳየው ሰውና ሰውየው ለቡናው የነበረው ስም ግን ጠፉ። ስለዚህ መለያ ወረቀት ላይ የሰፈሩን ስምና የአሳዪውን ስም መጻፍ ዋናው የሥነ ምግባር ሥራ ነው እላለሁ፤ ዛሬ ያልተጻፈ ነገ በየትኛውም ችሎት ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ታሪክ ቀጥታ ጆርናል ላይ ያደርሰናል። በ1964 እና 1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የላከው የባለሙያዎች ቡድን ኢትዮጵያ ውስጥ እየዞረ የቡና ዘር ሰበሰበ፤ የደቡብ ምዕራቡ ደንም ዋና መዳረሻው ነበር። ዘሩ ለተለያዩ አገሮች ተከፋፈለ። በሰኔ 2004 ሦስት የብራዚል ተመራማሪዎች ኔቸር ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ከኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ 3,000 ዛፎችን ፈትሸው፣ በተፈጥሯቸው ካፌይን አልባ ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች አግኝተዋል፤ የካፌይን መጠናቸው ከተለመደው አረቢካ አንድ አሥራ አምስተኛ ገደማ ነበር። ዛፎቹን በአንድ ብራዚላዊ የቡና ሊቅ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሰየሟቸው።

ዜናው አዲስ አበባ ሲደርስ ጥያቄ ተነሣ፤ ዛፎቹ በማን ፈቃድ ወጡ? ጥቅሙስ የማን ነው? የብራዚል ወገን መልስ ዘሩ በዓለም አቀፍ ተልዕኮ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ነው የሚል ነበር። ለፍትሕ ሲባል ሁለት ነገር መባል አለበት። ጽሑፉ ተክሉ ከኢትዮጵያ መሆኑን አልደበቀም። ዘሩ ሲወጣም አገሮች በጄኔቲክ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን ሥልጣን ያወቀው የ1992 የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ገና አልነበረም። ሕግ ተጣሰ ማለት አይቻልም። ሕግ አለመጣስ ግን ሥነ ምግባርን ማሟላት አይደለም። ከሦስቱ ደራሲዎች አንድም ኢትዮጵያዊ የለም፤ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ዘሩን ከሰጠችው አገር ጋር የመነጋገር ግዴታ ማንም አልተሰማውም። ዛሬ ቢሆን ብዙ ጆርናሎች የናሙናውን መነሻና የፈቃዱን ማስረጃ ይጠይቃሉ። ያ ጥያቄ እንዲጠየቅ ካደረጉት ቅሬታዎች መካከል የእኛዎቹም አሉበት፤ ይህን ማወቅ ለዛሬው ተማሪ አቅም ነው።

ተረት፦ «የባህል ዕውቀት ደራሲ ስለሌለው ምንጭ አይጠቀስለትም።»

እውነቱ፦ በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ተመለከተ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ ውኃው በሚወርድበት በኩል፣ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ከዚያ የተነሣው ምርምር ዓመታት ፈጀ፤ ኋላም በ1989 አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የእንዶዱ ውህድ ለማቶክሲን ተብሎ በእሱ ስም ተጠራ። አክሊሉ የግኝቱን መነሻ ሲናገር አጣቢዎቹን ሴቶች አልዘለለም፤ ታሪኩን የምናውቀውም ስለነገረን ነው።

ዛሬ ጌጫ ወይም ማሻ ላይ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ግን አዋቂዎቹ «መረጃ ሰጪዎች፣ ቁጥር 1 እስከ 60» ሆነው ይቀራሉ። ስም መደበቅ ተሳታፊን ለመጠበቅ የመጣ ደንብ ነው፤ ሰውየው «ስሜ ይጻፍ» ካለ ግን መደበቁ ራሱ በደል ይሆናል። መጠየቅ ነው። «ስምዎ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» የሚል አንድ መስመር ቅጹ ላይ ይበቃል።

ተረት፦ «አማካሪው ሳይገባ ጽሑፍ አይወጣም፤ የክፍል ኃላፊውም ቢገባ ምን አለበት?»

እውነቱ፦ የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገር በአንድነት ይፈልጋል። በሐሳቡ ወይም በመረጃው ሥራ ላይ ጉልህ ድርሻ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው በሙሉ ተጠያቂ መሆን። ገንዘብ ማምጣት፣ ቢሮ መስጠት፣ ደብዳቤ መፈረም ከእነዚህ ውስጥ የለም። ለውለታ ወይም ለይሉኝታ የገባ ስም ስጦታ ይመስላል፤ ነገር ግን መረጃው ውሸት ሆኖ ሲገኝ ተጠያቂነቱም አብሮ እንደሚመጣ ብዙ ኃላፊዎች አላሰቡበትም።

በተቃራኒው ጠርዝ ያለው በደል ይበልጥ ያስቆጨኛል። የቴፒ ወይም የጌጫ ልጅ የሆነ የልማት ሠራተኛ የቡና ዓይነቱን ይለያል፣ ሽማግሌው ያለውን ይተረጉማል፣ የተገኘው ውጤት ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያስረዳል፤ በመጨረሻ በምስጋና ክፍል ውስጥ «የአካባቢው ሰዎች» ተብሎ ይታለፋል። በ2022 ኬፕታውን በተካሄደው የምርምር ሐቀኝነት ጉባኤ ዋናው መከራከሪያ ይኸው ነበር፤ ከውጭ መጥቶ መረጃ ይዞ የሚሄድ ጥናት የአገሬውን ባለሙያ ከደራሲነት ካገለለ የሐቀኝነት ጉድለት ነው ተባለ። ይህ ለፈረንጅ ብቻ የሚባል አይደለም። ከአዲስ አበባ ለሚመጣውም ይሠራል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ባጭሩ፦ ዓለም አቀፉ የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በ2023 እንዳስታወቀው መሣሪያው ደራሲ ሊሆን አይችልም፤ የተጠቀመበት ሰው መጠቀሙን ይገልጻል፣ ስሕተቱንም ይሸከማል።

ተረት፦ «ካልከፈሉ አይታተምም፤ ከከፈሉ ደግሞ ሁሉም ጆርናል ያው ነው።»

እውነቱ፦ ኢሜይሉ ሌሊት ይገባል። «ክቡር ዶክተር ሆይ፤ ድንቅ ሥራዎን በአድናቆት አንብበናል» ይላል፤ ዶክተር የተባለው ገና ሁለተኛ ዲግሪውን ያልጨረሰ ተማሪ ነው። ያነበቡት ሥራ ስለ እንሰት በሽታ፣ የጆርናላቸው ስም ስለ ምሕንድስና። ግምገማው በ72 ሰዓት ያልቃል፤ ክፍያው በዶላር፣ ለዛሬ ብቻ በቅናሽ። አዳኝ ጆርናል የሚባለው ይህ ነው፤ ገንዘቡን ይወስዳል፣ ግምገማ አያደርግም።

በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ ጆን ቦሃነን ያወጣው ምርመራ የዚህን ስፋት አሳይቷል። ከድንጋይ ሽበት ካንሰር የሚያድን ውህድ አገኘሁ የሚል፣ ሆን ተብሎ በግልጽ ስሕተት የተሞላ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 ጆርናሎች ላከ። ደራሲው ኦኮራፎ ኮባንጌ፣ መሥሪያ ቤቱ አስመራ የሚገኝ የሕክምና ተቋም ነበር፤ ሰውየውም ተቋሙም የሉም። 157ቱ ተቀበሉት። የፈጠራው ደራሲ ከእኛው ቀጣና መመረጡ ያማል፤ ምክንያቱም አዳኞቹ የሚያድኑት በትክክል እዚህ ያለውን፣ ለዕድገት የጽሑፍ ቁጥር የሚጠየቀውን መምህር ነው።

ክፍያ በራሱ ግን ወንጀል አይደለም። ለአንባቢ ነጻ የሆኑ ብዙ ጥሩ ጆርናሎች ወጪያቸውን ከደራሲ ይሰበስባሉ፤ ከአነስተኛ ገቢ አገሮች ለሚመጣም ብዙዎቹ ይተዉለታል ወይም ይቀንሱለታል። ይህን ሳይጠይቁ ከደመወዝ ቆርጦ መክፈል ያሳዝናል። ሳይከፈል የሚነበበውም ብዙ ነው፤ ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ የተባለው መርሐ ግብርና ተከታዮቹ እንደ እኛ ላሉ ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ከፍተዋል። አገር ውስጥ ደግሞ ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል፣ ሌሎችም አሉ። «ውጭ ካልወጣ አይቆጠርም» የሚለው አስተሳሰብ ነው ብዙ ሰው ወደ አዳኞቹ የገፋው።

ተረት፦ «ትልቅ ጆርናል ላይ ከወጣ ተረጋግጧል።»

እውነቱ፦ በግንቦት 2020 ላንሴት በ671 ሆስፒታሎች የታከሙ 96,032 የኮቪድ ሕሙማንን አየሁ የሚል ጥናት አወጣ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሞት ይጨምራል ይል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመድኃኒቱ ላይ ያደርግ የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። የወባ አገር ሰው ክሎሮኪንን ያውቃልና ወሬው እዚህም ደርሶ ነበር። ጥርጣሬ ካስነሡት ነገሮች አንዱ የአፍሪካ ቁጥር ነው፤ ከአህጉሩ ሆስፒታሎች ያን ያህል ዝርዝር የኤሌክትሮኒክ የሕመምተኛ መዝገብ ከየት መጣ? ሰርጂስፌር የተባለው መረጃ አቅራቢ ድርጅት መዝገቡን ለገለልተኛ አጣሪ አላሳይም አለ። ጽሑፉ በወጣ በ13 ቀኑ ተሻረ። ገምጋሚዎች የሚያዩት የቀረበላቸውን ጽሑፍ ነው፤ ከኋላው ያለውን መዝገብ አይደለም።

ጽሑፍ መሻሩ ሁልጊዜ ውርደት ተደርጎ መታየቱም ስሕተት ነው። በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸነፈችው ፍራንሲስ አርኖልድ ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችውን ጽሑፍ ውጤቱ ሊደገም ባለመቻሉ በጥር 2020 ራሷ ሻረችው፤ በአደባባይም ይቅርታ ጠየቀች። ያሳፍር የነበረው ዝም ማለቱ ነው።

ተረት፦ «እውነት እስከሆነ ድረስ ሁሉም መታተም አለበት።»

እውነቱ፦ የማይታተም እውነት አለ። ሸካ ውስጥ በእምነት የሚጠበቁ የደን ክፍሎች አሉ፤ መልካ ማኅበር በ2007 ስለ ሸካ ደኖች ያሳተመው የጥናት ስብስብም ደኑ ተጠብቆ የቆየው በእነዚህ ሥርዓቶች ጭምር መሆኑን ያሳያል። የእንዲህ ዓይነቱን ቦታ ወይም የብርቅ መድኃኒት ተክልን መገኛ እስከ ሜትር ድረስ በጂፒኤስ ቁጥር ማውጣት ለቆራጭና ለነጋዴ መንገድ ማሳየት ነው። ቁጥሩን ማደብዘዝ፣ የወረዳውን ስም ብቻ መስጠት፣ ትክክለኛውን ለብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱ በአደራ ማስቀመጥ ይቻላል። ሽማግሌው «ይህ የቤታችን ነው፣ አይጻፍ» ካሉ አይጻፍም። ጥናቱ ጎዶሎ ቢሆንም ይሁን።

ተረት፦ «ታተመ ማለት ደረሰ ማለት ነው።»

እውነቱ፦ የቡና ፍሬ አጥቂ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ነው። የመልኮ ተመራማሪዎች በሽታው በበዛባቸው ማሳዎች መካከል እየዞሩ ሳይታመሙ የቀሩ ዛፎችን ለዩ። 74110 እና 74112 የተባሉት በ1974 መቱ አካባቢ ቢሻሪ ከተባለ ቦታ የተመረጡ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይናገራሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለገበሬው ተለቀቁ። ዛሬ በደቡብ ምዕራቡ ብዙ ቡና አብቃይ ዝርያውን በቁጥሩ ይጠራዋል። ጥናቱ ጽሑፍም ሆነ፣ ችግኝ ሆኖም ተመለሰ።

የብዙዎቹ ጽሑፎች ዕጣ ግን እንዲህ አይደለም። በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት በሆነ ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዛል። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ለጌጫ ግን ኢንተርኔቱም እንግሊዝኛውም አይበቃም። ከእያንዳንዱ ጥናት በኋላ ሁለት ገጽ፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በሸክኖኖ፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን ተገኘ፣ ምን ቢደረግ ይሻላል የሚል ጽሑፍ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለጤና ጣቢያውና መጠይቅ ለተሞላበት ቀበሌ ይሰጥ። የቀበሌ ሊቀ መንበሩም ቀጣዩ ፒካፕ ሲመጣ የትብብር ደብዳቤውን ከማንበቡ በፊት «ያለፈው ጥናት ውጤት የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማጽደቂያ ደብዳቤ ቅጂና የዋናው ተመራማሪ ስልክም ቀበሌው ፋይል ውስጥ ይቅር። ማስረጃውን በእጁ የያዘ ቀበሌ ቅሬታውን ለዩኒቨርሲቲው ኮሚቴም፣ ለጆርናሉ ኤዲተርም መጻፍ ይችላል፤ ኤዲተሩም በኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ደንብ የሚመራ ከሆነ ያንን ደብዳቤ የመመርመር ግዴታ አለበት።